የአሰልጣኙ ፍሬን

«ግፉ! ግፉ እንጂ!» አሉ የታናሿ ልጅ ትልቁ አጎት፣ እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው።

የአባቷን ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ጥቁር ኮት የለበሱ ጎረቤቶች ትከሻቸውን በመኪናዋ በሮች ምሰሶ ላይ አስደግፈው ገፉ። አንደኛው እጅጌው እንዳይቆሽሽ ስለሚጠነቀቅ የሚገፋ ሳይሆን መኪናዋን የሚያባብል ይመስል ነበር። ትንሿ ነጭ መኪና ከግንቡ ጥግ ወጥታ ግቢውን እስከ ግማሽ ሄደች፤ አንዴ ተንቀጠቀጠችና ቆመች። መሪውን የያዘው ታላቅ ወንድሟ ቁልፉን እንደገና አዞረ። ከኮፈኑ ስር ደረቅ ቋቋታ ብቻ ተሰማ።

«ይሄ ባትሪ አዲስ ነው አላላችሁም እንዴ?» አሉ አጎቷ።

«አዲስ ነው» አለ ወንድሟ።

«አዲስ ከሆነ ታዲያ ምን ይበላዋል?»

ጥያቄውን ለማንም ለይተው አልጠየቁም። ዓይናቸው ግን ከመሪው አጠገብ የተለጠፈችው ትንሽ ጥቁር ሳጥን ላይ አረፈ። የገፉት ሰዎችም ዓይናቸውን ተከትለው አዩ። ወንድሟ ወረደ፤ በሩን ድምፅ ሳያሰማ ዘጋና ማንንም ሳያይ ከግቢው ወጣ።

ታናሿ ልጅ የቡና ፔርሙስ የተቀመጠበትን ትሪ እንደያዘች በረንዳው ላይ ቆማ ሁሉንም አየች። አንድ ነገር መናገር ፈልጋ ነበር። ሁልጊዜም ትፈልጋለች፤ ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ተራውን ሲጠብቅ ሰው ወሬውን ይቀይራል።

አባቷ የታመመ ዕለት ገና ሲነጋጋ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወደቀ። ወንድሟ ተሸክሞ መኪናዋ ውስጥ አስተኛውና ቁልፉን አዞረ። አልነሳ አለች። ገፉ፣ ጎረቤት ቀሰቀሱ፣ ታክሲ ፍለጋ ወደ ዋናው መንገድ ሮጡ። ሆስፒታል ሲደርሱ ወጣቱ ሐኪም መነጽሩን እየጠረገ፣ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን ኖሮ...» አለና ንግግሩን ሳይጨርስ ተወው። ያልጨረሰውን ዘመድ ጨረሰለት።

ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ የመኪናዋ መስታወቶች በተሰረቁ ሰሞን፣ ወንድሟ በገዛ እጁ አላርም ገጥሞላት ነበር። ባትሪው ጠዋት ጠዋት ባዶ ሆኖ መገኘት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። አባታቸው ባትሪውን በአዲስ ለወጠው፤ አዲሱም የአሮጌውን ጠባይ ወረሰ። «ዕድሜ ነው» ይል ነበር እየሳቀ። አዲስ ባትሪ ምን ዕድሜ አለው ብሎ የጠየቀው ግን የለም።

ወጥ ቤት ውስጥ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታቸው ሲኒ እያጠበች ለአጠገቧ ሴት ታንሾካሽክ ነበር። የእሷ ሹክሹክታ ከሌላ ሰው ጩኸት ብዙም አይተናነስም።

«ክፋት የለበትም እኮ ልጁ። የአባቱ መኪና እንዳትሰረቅ ብሎ ነው። ግን ምን ዋጋ አለው? ያ ዕቃ እንቅልፍ የለው፣ ኤሌክትሪኩን ሲጠባው ያድራል።»

«እሱስ ያውቃል?»

«ካላወቀማ ለምን እህል አይቀምስም? ለምን ደጅ ለደጅ ይዞራል?»

ታናሿ ስትገባ ዝም አሉ። ልብስ ሰፊዋ ቶሎ ድምፅዋን አስተካክላ፣ «ነይ የኔ ልጅ፣ ትሪውን አምጪው። ተቀመጪ እንጂ አንቺም! የመጣው ሰው እኮ ሐዘንተኛዋን ትተሽ አስተናጋጇን ሆነሽ ነው የሚያገኝሽ» አለቻት።

ታናሿ ትሪውን አስቀምጣ በጓሮ በር ወጣች።

ወንድሟን ከግቢው ውጪ የግንቡ ጥላ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ አገኘችው። ጎኑ ተቀመጠች።

«የተከራየናቸው ወንበሮች ሲመለሱ እኔም እሄዳለሁ» አላት።

«የት?»

«ሥራ አግኝቻለሁ። ራቅ ያለ ቦታ ነው።»

«እማዬስ?»

«እማዬ ባታየኝ ይሻላታል። ስታየኝ ያን ጠዋት ነው የምታየው።» ከመሬት ጠጠር አንስቶ መልሶ ጣለው። «አንቺ ተምረሻል፣ ላብራቶሪ ነው የምትውዪው። እስቲ ንገሪኝ፤ ያ ዕቃ አንድ ባትሪ ይጨርሳል?»

«አላውቅም።»

«ገምቺ።»

«አልገምትም። አስለክቼ እነግርሃለሁ።»

«እሱ ከሆነስ?»

ወንድሟ ዋሽታው እንደማታውቅ ያውቃል፤ የጠየቃትም ለዚህ ነው።

«እሱ ከሆነም እነግርሃለሁ» አለችው።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የመጣው በማግስቱ ነው። ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ሰፈሩ «ሽቦ» ይለዋል፤ ስሙን የሚያውቅ ሰው ስለመኖሩ ያጠራጥራል። እንደ ደንቡ መጀመሪያ ገብቶ ተቀመጠ፣ አንገቱን ደፍቶ ቡናውን ጠጣ፣ እናቷን አጽናና። ከዚያ ቦርሳውን አንስቶ ወደ ግቢው ወጣ።

«እኔ እኮ አባትሽን፣ ጋሼን፣ ያስረጀሁት ሰው ነኝ» አላት ኮፈኑን እየከፈተ። «እንደኔ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ደጋግሞ የወደቀ ተማሪ አልነበረውም። መጨረሻ ላይ ፈታኙ ‹ደህና ዋልክ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው?› ብሎ ነበር የሚቀበለኝ።»

ፈገግ አለች። ሐዘኑ ከገባ ወዲህ ፊቷ እንዲህ መሆን መቻሉን ረስታው ነበር።

ሽቦ የአላርሙን ገመዶች እያየ፣ «እነዚህን ልንቀል፣ ሬዲዮውንም ልንቀል፣ የውስጥ መብራቱንም ላጥፋው። አንድ ላይ ተገላገልን ማለት ነው» አለ።

«አይሆንም። አላርሙን ብቻ። ሌላ ምንም እንዳትነካ።»

«ለምን እህት ዓለም?»

«ሁሉንም አብረን ከነቀልን የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን?»

«መኪናዋ ከተነሳች አይበቃም?»

«አይበቃኝም።»

ሽቦ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ በተከፈተው የግቢ በር በኩል ቁጢጥ ያለውን ወንድሟን አየ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። አላርሙን ነቅሎ እጇ ላይ አስቀመጠላት። የክብሪት ቀፎ ያህል ነበር። ባትሪውን ከሰዓቱን ሁሉ በቻርጀር ሲሞላ አቆይቶ መለሰው፤ መኪናዋንም እንደ ወትሮው ፊቷን ወደ በሩ አድርገው፣ ኋላዋን ከግንቡ አስጠግተው፣ ሸራ አለበሷት።

ጠዋት ባትሪው ባዶ ነበር።

ታናሿ ቁልፉን አዙራ ያን ደረቅ ቋቋታ ስትሰማ ልቧ በደስታ ዘለለ። በዚያ ሰሞን ደስ መሰኘት አሳፈራትና ፊቷን መሪው ላይ ደፋች። ከዚያ ሄዳ ለወንድሟ ነገረችው። ወንድሟ ሰማት፤ ፊቱ ግን አልተፈታም።

«ስገጥመው ሌላ ሽቦ አበላሽቼ ይሆናል» አለ።

አጎቷም ያሉት ይህንኑ ነው፤ እሳቸው ግን ሰው እንዲሰማ አድርገው ነው ያሉት። «ነቅሎ ስለጣለው ያበላሸው ይመለሳል? በማያውቁት እጅ ማስገባት እንዲህ ነው!»

ሽቦ ሌላ ሥራ ይዞ ስለነበር የሚመጣው ከቀትር በኋላ ነው። ታናሿ እስኪመጣ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠች። በአሰልጣኙ በኩል ካለው መቀመጫ ፊት፣ ወለሉ ላይ፣ የአባቷ ፍሬን ይታያታል፤ ጎማው ተበልቶ ብረቱ የወጣ ትንሽ ፔዳል። በመኪናዋ ወለል ስር በሚያልፍ የብረት ገመድ ከነጂው ፍሬን ጋር ተያይዟል። አሰልጣኙ ሲረግጠው የተማሪውም ፍሬን አብሮ ይወርዳል።

ሰፈሩ አባቷን «ጋሽ ቀስታ» ይለው ነበር። የመኪና አሰልጣኝ ሆኖ ሲሠራ ከአፉ የሚወጣው ይህ ብቻ ስለነበር ነው፤ ቀስ በል፣ ቀስ በይ፣ ቀስታ። ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። እናቷ ወጥ ስታማስል አጠገቧ ቆሞ «ቀስ በይ፣ መታጠፊያ አለ» ሲላት ማማሰያውን ይዛ ታባርረዋለች።

እሷንም ያስተማራት እሱ ነው። አንድ ቀን ከአንድ ግቢ ኳስ ተንከባሎ ወጣ፤ ከኳሱ ኋላ ሕፃን። መኪናዋ ከሕፃኑ ራቅ ብላ ጸጥ አለች። ታናሿ እራት ላይ ለቤተሰቡ ሁሉ አወራች፣ እንዴት በፍጥነት ፍሬን እንደያዘች በእግሯ ጭምር እያሳየች። በዚያን ቀን ብዙ ተናገረች። አባቷ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ይበላ ነበር።

መንጃ ፈቃዷን ካገኘች ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው የሌሎች አሰልጣኞች መኪና ደወል እንዳለው ያወቀችው። አሰልጣኙ ፍሬኑን በረገጠ ቁጥር ደወሉ ይጮኻል፤ ተማሪውም ራሱ እንዳልያዘ ያውቃል። የአባቷ መኪና ደወል ሽቦው ተቆርጦ ነበር።

«ያን ቀን ፍሬን የያዝከው አንተ ነህ» አለችው አባቷን።

«ልትይዢ እኮ ነበር። ትንሽ ቀደምኩሽ።»

«ደወሉን ለምን ቆረጥከው ታዲያ?»

«ደወል ሰው ያስደነግጣል። የደነገጠ ሰው ደግሞ ሁለተኛ መሪ አይይዝም።» ከዚያ እንደ ጥፋተኛ ልጅ አንገቱን እያሻሸ፣ «ለወንድምሽ እንዳትነግሪው። እሱ እስካሁን የያዘው ራሱ ይመስለዋል» አላት።

ሽቦ የመስኮቱን መስታወት በጣቱ ሲያንኳኳ ከሐሳቧ ነቃች።

በቻርጀር የሞላ ሌላ ባትሪ ይዞ መጥቷል። አስቀምጦ አንደኛውን ጫፍ ብቻ አሰረ፤ በሌላኛው ጫፍና በገመዱ መካከል የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ አስገባ። ቁልፉ ተነቅሏል፣ በሮቹ ተዘግተዋል። በዚህ ጊዜ ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት። የቴስተሩ ቁጥር ግን ከዚያ በብዙ ይበልጥ ነበር።

«ኧረ ይሄ የቤት መብራት ነው የሚያበራው!» አለ ሽቦ። «የሆነ ሌባ አለ።»

«ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀል። ቁጥሩን እኔ አያለሁ።»

የሬዲዮውን ነቀለ። «አልተለወጠም።» መለሰው። የመጥረጊያውን ነቀለ። «አልተለወጠም።» መለሰው። የክላክሱን፣ የውስጥ መብራቱን፣ የማራገቢያውን። ሁልጊዜ «አልተለወጠም» ትላለች፤ በመሃሉ የሽቦ ቀልድ ሁሉ አለቀ። ከዚያ አንዱን ሲነቅል ቁጥሩ ባንዴ ወደቀ።

«እሱ ነው!» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም ጎላባት። «የምንድን ነው?»

ሽቦ የፊውዙን ሳጥን ክዳን ገልብጦ አነበበ። «የፍሬን መብራት» አለ ግራ ገብቶት። ፊውዙን መልሶ ሰካና ወደ መኪናዋ ኋላ ዞሩ። በግንቡና በመኪናዋ መካከል አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ክፍተት ብቻ ነው ያለው። ሸራውን ገለጡት። ሁለቱም መብራቶች ቦግ ብለው በርተው ግንቡን ቀይ አልብሰውታል።

«ማንም ፍሬን ሳይረግጥ!» አለ ሽቦ። «ማናችሁም አላያችሁትም?»

«ከሸራ ስር ነው፤ ግንብ ነው የሚያየው። ጠዋት ስንመጣ ደግሞ...»

«ጠዋትማ ባትሪውን ጨርሶ ራሱም ጠፍቶ ነው የሚጠብቃችሁ።»

«መንገድ ላይስ? ከኋላ የሚመጣ ሰው እንዴት አይነግረውም?»

«የለማጅ መኪና እኮ ናት! የለማጅ የፍሬን መብራት መቼ ጠፍቶ ያውቃል?» ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ተመልሶ ወደ መኪናዋ ገባና ከወለሉ ምንጣፍ ስር የብረት ገመዱን ተከትሎ ሄደ። ገመዱ የሚጠብቅበትና የሚላላበት ዳዶ ጋ ሲደርስ እጁን አቆመ። ዳዶው አሮጌና ዝገት የበላው ነበር፤ መፍቻ የነካው ጠርዙ ግን እንደ አዲስ ያብለጨልጫል።

«ገመዱ ከልኩ በላይ ተወጥሯል። የነጂውን ፍሬን ትንሽ ስቦ ይዞታል፤ መብራቱ የማይጠፋው ለዚህ ነው። ጥቂት በጥቂት ነው የተጠበቀው፣ የመፍቻው ምልክት አንድ አይደለም።» ተረከዙ ላይ ቁጢጥ አለ። «ይሄን ገመድ ደግሞ ጋሼ ማንንም አያስነካም ነበር። እኔን እንኳ።»

የአሰልጣኙን ፔዳል በአንድ ጣቱ ነካው። የነጂው ፍሬን አብሮ ሰተት ብሎ ወረደ።

«እይው። ሕፃን ቢነካው ይይዛል። ምን አስፈለገው ይሄን ያህል?»

ታናሿ ለምን እንዳስፈለገው ገባት። አንድ ማለዳ አባቷ ኮሪደሩ ላይ የቀኝ እግር ነጠላ ጫማው ወልቆ ኋላው ቀርቶ፣ እሱ ሳይታወቀው በባዶ እግሩ ሲራመድ አይታ ስቃበት ነበር። «ጫማህ ደከመውና ተቀመጠ» አለችው። ዞር ብሎ ጫማውን አየ፤ ሲያይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ እሱም አብሯት ሳቀ።

ሽቦ ፊቷን አየ። ለመብራቱ የነበረውን ፊውዝ ነቅሎ ኪሱ ከተተና ዕቃውን እየሰበሰበ፣ ቀና ሳይል፣ «አላየህም ካልሽኝ፣ አላየሁም» አላት።

እናቷ መኝታ ቤት የአባቷን ሸሚዞች አጥፋ ደራርባ፣ እንደገና እየዘረጋች እንደገና ታጥፋቸው ነበር። ታናሿ በሩን ዘግታ ነገረቻት። የፍሬኑን መብራት፣ ገመዱን፣ ዳዶውን። ስለ እግሩ ግን አላነሳችም።

«የቀኙን ካልሲ እኔ ነበርኩ የማለብሰው» አለች እናቷ ሳትጠየቅ። «ዝቅ ስል ያዞረኛል አለኝ። እሺ አልኩት። እግሩ እንደማይታዘዘው እያወቅሁ እሺ አልኩት። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስለው ፈቃዴን ይቀሙኛል አለ። የያዝኳቸውን ተማሪዎች ላስፈትንና አቆማለሁ አለ።»

«ሐኪሙ ከዚህ በፊት ድካም ነበረው ወይ ሲለን...»

«ዝም አልኩ።»

ሁለቱም ከሳሎን የሚመጣውን ድምፅ አዳመጡ። አንድ ሰው ጮክ ብሎ አባቷን ያመሰግን ነበር፤ ይህን ሁሉ ዘመን ሲያስተምር ዶሮ እንኳ ሳይነካ እንዳለፈ።

«ትሰሚያለሽ?» አለች እናቷ። «ይሄ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። የታመመ እግር ይዞ የሰው ልጅ መኪና ላይ አስቀምጦ ይዞር ነበር ተብሎ ይነሳ?»

«ወንድሜስ?»

«እሱ ገና ልጅ ነው። ይረሳዋል።»

«አይረሳውም እማዬ። ሊሄድ ነው። ወንበሮቹ ሲመለሱ እሄዳለሁ ብሎኛል።»

የእናቷ እጅ ሸሚዙ ላይ ቆመ። ይህን አልሰማችም ነበር።

ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። አጎቷ ከበሩ ትይዩ ባለው ወንበር ላይ ናቸው፤ ልብስ ሰፊዋ መስኮቱ ጋ ስኳር ታዞራለች። ወንድሟ ባዶ ሲኒ ሊሰበስብ ገብቶ ነበር። አጎቷ እሱን ሲያዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያቺ መኪና ነገ ዛሬ ሳትባል ትሸጥ። ወንድሜን ያስቀረች መኪና ዓይኔ ስር አትቆምም። አንተም» አሉት፣ «ከእንግዲህ የማታውቀውን ነገር በእጅህ አትንካ። አንዴ ሆነ፤ ፈጣሪ ይቅር ይበልህ።»

ወንድሟ «እሺ» አለ። ጎንበስ ብሎ ሌላ ሲኒ አነሳ።

«አላርሙ አይደለም» አለች ታናሿ።

ማንም አልሰማትም። አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ «ምን አለች ልጅቷ?» አሉ።

በሩ ቅርብ ነበር፤ ትሪም እጇ ላይ አለ፤ ወጥታ ብትሄድ ማንም አይጠይቃትም። ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«አላርሙ አይደለም! ነቅለነው አይተናል፣ ለክተነዋል። ባትሪውን የጨረሰው የፍሬን መብራት ነው። ወንድሜ የነካው ሽቦ አይደለም።»

አጎቷ ወደሷ ዞሩ። ስትናገር ሰምተዋት የማያውቁ ያህል ነበር አተያያቸው። «የፍሬን መብራት ዝም ብሎ ይበራል? ማን አበራው ታዲያ?»

እናቷን አየቻት። ያንን መናገር የእሷ ፈንታ አልነበረም፤ ዝም ብትል ደግሞ ወንድሟ እንደቆመ ይቀራል።

«አባታቸው ራሱ ነው» አለች እናቷ ከተቀመጠችበት። «ቀኝ እግሩ ደክሞ ነበር። ፍሬኑ እንዲቀለው ብሎ ገመዱን አጠበቀው፤ መብራቱ በዚያ ሳቢያ በርቶ ያድር ነበር። የእግሩን ነገር አውቅ ነበር፤ ሐኪሙ ሲጠይቀን ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ልጄ ምንም አላደረገም።»

የስኳሩ ዕቃ ልብስ ሰፊዋ እጅ ላይ ቆመ። የእሷ ልጅ፣ ጋሽ ቀስታ ላስፈትናቸው ካላቸው ተማሪዎች አንዷ ነበረች።

«የኔን ልጅ ይዞ ሲዞር... እግሩ እንደዚያ ሆኖ ነው?»

«አዎ» አለች እናቷ። «ይቅር በይን።»

ልብስ ሰፊዋ የስኳሩን ዕቃ ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ልጄ ‹እማዬ፣ የጋሽ ቀስታ መኪና ራሷ ናት የምትቆመው፣ ገና ሳስበው› ትለኝ ነበር» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነተኛ ሹክሹክታ። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ፣ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች። እናቷ በሩ እስኪዘጋ በዓይኗ ሸኘቻት።

አጎቷ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ለእኔም አልነገረኝ» አሉ። «ታላቁ እኮ ነኝ። በየሳምንቱ እየመጣ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር። ለእኔም አልነገረኝ!» በለቅሶው ሁሉ ሌሎችን ዝም በሉ ሲሉ የከረሙት ሰውዬ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ወንድሟ ሲኒዎቹን አስቀምጦ አጠገባቸው ተንበረከከ፤ እጁን ጉልበታቸው ላይ አደረገ። አላነሱትም።

እንግዶች ሲያንሱ ወንድሟ መፍቻ ይዞ ወደ መኪናዋ ሄደ። ታናሿ ተከተለችው። ሽቦ ሲሄድ ከእሱ የተቀበለችውን ፊውዝ ቦታው መልሳ ሰካች፤ መብራቱ ካልበራ መቼ እንደሚጠፋ ማወቅ አይቻልም። ወንድሟ በአሰልጣኙ በኩል ባለው በር ገብቶ ጫማውን አወለቀና ፔዳሉን በአውራ ጣቱ ነካው። ትንሽ ብቻ። የነጂው ፍሬን ሲወርድ አየ። እግሩን መለሰና እንደገና ነካው፤ አሁን ከበፊቱም አቅልሎ። ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረገ አልቆጠረችም፤ እንዲያቆምም አልነገረችውም።

«እኔንስ?» አላት ድንገት። «እኔን ሲያስተምረኝም ይይዝልኝ ነበር?»

አባቷ እንዳትነግረው ያላት ትዝ አላት።

«አንተ ልትይዝ ስትል ትንሽ ይቀድምህ ነበር» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ምንጣፉን ገለጠና ወደ ዳዶው ጎነበሰ፤ እግሮቹ ብቻ ውጪ ቀሩ።

«ሂጂ ከኋላ ቁሚልኝ። እያላላሁ እጠይቅሻለሁ።»

በጎኗ ወደ ግንቡ ክፍተት ገባች። መብራቶቹ ቦግ ብለዋል፤ ጥቁር ቀሚሷ ላይ ሳይቀር ቅላቱ ይታያል።

«አሁንስ?» አለ ወንድሟ ከውስጥ።

«በርቷል።»

መፍቻው አንዴ ተንጣጣ።

«አሁንስ?»

«በርቷል።»

«ግትር ነገር ነው። አሁንስ?»

«በርቷል።»

መፍቻው እንደገና ተንጣጣ። ግንቡ ባንዴ ግራጫ ሆነ።

ታናሿ እጇን ዘርግታ መዳፏን መብራቱ ላይ አደረገች። ፕላስቲኩ ገና ሞቃት ነበር።

«አሁንስ?» አለ ወንድሟ። «እሜቴ! አሁንስ?»

«ቆይ» አለች፣ መዳፏን ሳታነሳ። «ትንሽ ቆይ። ገና ነው።»